ዛንዚባር ለሰባት ሌሊት፦ አንድ ሆቴል ወይስ ሁለት?

ጉዳዩ ይህ ነው። ባልና ሚስት በሐምሌ ወር ለሰባት ሌሊት ዛንዚባር ሊሄዱ ነው። እሷ ፓጄ በተባለው የባሕር ዳር መንደር ካይት ሰርፊንግ (ነፋስ በሚጎትተው ካይት እየተሳቡ በቦርድ ባሕር ላይ መንሸራተት) መማር ትፈልጋለች፤ እሱ መዋኘትና አሮጌውን ከተማ ስቶን ታውንን ማየት። ሰባቱንም ሌሊት አንድ ሆቴል ይደሩ ወይስ ቆይታቸውን ለሁለት ይክፈሉት? ሁለት ተከራካሪዎች በተቃራኒ ወገን ቆመው ተመላልሰውበታል።

ይከፈል

ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ በካርታ ሲያዩዋት ትንሽ ናት፤ ርዝመቷ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሰሜኑና የምሥራቁ ዳርቻ ግን በጭራሽ አይመሳሰሉም። ፓጄና ጃምቢያኒ ያሉት በምሥራቅ ነው። እዚያ ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው ሲሸሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ጠዋት በረንዳው ላይ ሆኖ ሰማያዊ ባሕር ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ፎጣውን ይዞ ሲወርድ የሚያገኘው እርጥብ አሸዋ፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ኩሬና በእንጨት ካስማዎች መካከል የተወጠረ ገመድ ነው። ገመዱ ላይ የመንደሩ ሴቶች የባሕር አረም ያበቅላሉ፤ ውሃው በሸሸ ሰዓት ገብተው ጎንበስ ብለው ይለቅሙታል። እንዴት እንደሚያምር! ለዋና ግን አይሆንም። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ የውሃው መሸሽ ያን ያህል አይጎዳቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኝባቸዋል። እንግዲህ ሚስት ፓጄ፣ ባል ኑንግዊ የሚስማማቸው ከሆነ አንዱ ለሌላው ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ለምን ይከፋው? ሦስት ሌሊት ሰሜን፣ አራት ሌሊት ምሥራቅ ይደሩ።

አይከፈል

እህቴ፣ ስለ ባሕሩ ያሉት እውነት ነው፤ ግን የጠባዩን ግማሽ ብቻ ነው የነገሩን። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የሸሸው ባሕር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ይገኛል። ሰባቱንም ሌሊት ፓጄ ያደረ ሰው ሁሉንም መልኩን ያያል፤ የሚዋኝበት ሰዓትም አያጣም። ሦስት አራት ቀን ብቻ ያለው ግን ጉድለቱ እኩለ ቀን ላይ ከገጠመው ቆይታው በዚያው ያልቃል። ሙላቱ በስንት ሰዓት እንደሚሆን የሚያሳየው ሰንጠረዥ ደግሞ ከወራት በፊት የሚገኝ ነው፤ ባልየው የሚዋኝበትን ሰዓት በዚያ ያቅድ።

የካይቱ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ትምህርቱ ተከታታይ ቀናት ይፈልጋል። በሐምሌ ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ የሚታመን ነፋስ ቢሆንም በየቀኑ እኩል አይነፍስም። አራት ቀን ብቻ ያላት ተማሪ ሁለቱን ነፋስ ከነሳት ቦርዱ ላይ ሳትቆም ትመለሳለች። ይህ ነው እኔን የሚያሳዝነኝ፤ የመጣችበት ምክንያት እኮ ይኸው ነበር።

ደግሞ የመዛወሪያውን ቀን ያስቡት። ቼክ አውት ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ቼክ ኢን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በመካከሉ ከኑንግዊ እስከ ፓጄ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ የመኪና መንገድ አለ። ያልደረቀ የዋና ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከሻንጣ አሸዋ አራግፎ፣ ክፍሉ ጸድቶ እስኪያልቅ ሪሴፕሽን ሶፋ ላይ መቀመጥ። ከሰባት ቀን አንዱ ለዚህ ይሂድ?

ይከፈል

ወንድሜ፣ የ50 ደቂቃው ስሌት አሳምኖኛል፤ ኑንግዊን ከዕቅዱ አውጥቻለሁ። ስቶን ታውንስ? ሰባቱንም ሌሊት ፓጄ ካደሩ ባልየው ከፓጄ አንድ ሰዓት ገደማ ነድቶ በቀን ጉዞ አይቶት ሊመለስ ነው። የቀን ጎብኚ የሚደርሰው ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ስትከር ነው። የሚመለሰውም አመሻሹ ላይ፣ ልክ በፎሮዳኒ መናፈሻ ምግብ ሻጮቹ ከሰላቸውን ሲያቀጣጥሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ እንዲህ በግርግር ታይቶ አይታለፍም። ሱቆቹ ሳይከፈቱ በማለዳ በጠባቦቹ መንገዶች የሄደ ሰው የተቀረጹትን በሮች፣ በላያቸው የተመቱትን የነሐስ ጉጦች ቆሞ ያያቸዋል። አውሮፕላን ማረፊያውም ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እዚያ ቢያድሩ ወደ ፓጄ የሚወስዳቸው መንገድ መቼም የማይቀርላቸው ነው፤ የቀን ጉዞ ግን ደርሶ መልሱን በላዩ ይጨምርባቸዋል።

አይከፈል

ይህኛው ከፊተኛው ይሻላል፤ ለከተማውና ለባሕሩ መክፈል ለሁለት ባሕር ከመክፈል ጋር አንድ አይደለም። ግን መጀመሪያ ላይ አይሁን። ነፋስ ያልነፈሰበት ቀን ቢያጋጥም ማካካሻ እንዲኖራት ሚስት እንደደረሰች ትጀምር። ከተማው መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ የከተማውም ሆቴል ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቡኪንግ ይሁን። ያውም አንድ ሌሊት ብቻ። ማታ ፎሮዳኒ፣ በማግስቱ ማለዳ በሮቹ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን። ሁለተኛውን ሌሊት ከፓጄ ላይ ለመቁረጥ አልስማማም።

ይከፈል

መጨረሻ ላይ ይሁን ባሉት እስማማለሁ። ሁለተኛውን ሌሊት ግን አልለቅም። ባልየው አምስት ቀን ሙሉ በሚስቱ ነፋስ ሲያድር ሲውል ከርሟል። ፕሪዝን አይላንድ የሚሏት ቻንጉ ከከተማው በጀልባ የሚኬድባት ደሴት ናት፤ መጀመሪያ ከሲሸልስ የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ያሉት እዚያ ነው። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። አንድ ሌሊት ብቻ ካደሩ ይህ ጉዞ ይቀርበታል። አምስት ሌሊት ፓጄ፣ ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን፤ ከዚህ አልወርድም።