ለግንቦት ደመና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የጎንደር ከሰዓት በኋላ ደመና
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ወይ እንዲዘንቡ ወይ እንዲሄዱ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ይህን የምጽፈው ከአዘዞ እስከ ወለቃ በዘረጉት ጥላ ሥር ተቀምጬ ስለሆነ ሰላምታዬ ቢቀዘቅዝብዎ አይቀየሙኝ።

በሐምሌ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለንም። ይዘንባል ስንል ይዘንባሉ፣ ጃንጥላችንን ይዘን እንወጣለን። በጥርም የለንም፤ ለጥምቀት ሕዝቡ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ ዝር አይሉም። ጠባችን የግንቦት ነው። ጠዋት የሉም። አራት ሰዓት ላይ በጎሃ ኮረብታ በኩል ነጭ ሆነው ብቅ ይላሉ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ዘመድ አዝማድዎን ይጠራሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ፊትዎን ያጠቁራሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ፒያሳ አስፋልት ላይ ሁለት ጠብታ ጣል ያደርጉና ዝም። ጉዳይዎ እየታየ ነው፣ ነገ ይመለሱ፤ ይኸው ነው መልስዎ።

የእኔ አቤቱታ የሃንግ ግላይደር ነው። ሃንግ ግላይደር ሞተር የለውም፤ አብራሪው በአሉሚኒየም ዘንጎች ላይ ከተወጠረ ክንፍ ሥር በሆዱ ተንጠልጥሎ ሰውነቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘነበለ ይመራዋል። ክንፉ የለኝም። ያለኝ ካርታና እርሳስ ነው። በእነርሱም የረጅም ርቀት ውድድር መስመር አስምሬያለሁ፦ መነሻ ኮሶዬ ገደል አፋፍ፣ መዞሪያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከዚያ የአዘዞን አውሮፕላን ማረፊያ በአክብሮት ራቅ ብሎ ማለፍ፣ መድረሻ የደንቢያ ሜዳ። በወረቀት ላይ የሚደረግ በረራ የሚያግደው ኃይል ያለ አይመስልም ነበር። እርስዎ ግን አገዱት፤ በየቀኑ ከቀትር በኋላ መስኮት ላይ ቆሜ “ዛሬ ቢሆን ኖሮ ይበረር ነበር?” ብዬ ስጠይቅ አንድም ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥተውኝ አያውቁም።

ሒሳቡን ልንገርዎ። ለውድድር የተሠራ ጥሩ ክንፍ ረጭ ባለ አየር ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ከኮሶዬ ጎንደር ብቻ በመኪና መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አብራሪው መንገድ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ሞቃት አየር እየፈለገ፣ በውስጡ እየዞረ ካልወጣ ዕጣው ከበግ እረኞች መካከል ማረፍ፣ ክንፉን ማጣጠፍና ለልጆች ጥያቄ መልስ እየሰጡ መኪና መጠበቅ ነው። የቄራ ጆፌ አሞሮች ይህን ያለ ቫሪዮሜትር፣ መውጣትና መውረድን ያለሚለካ መሣሪያ፣ ያውቁታል፤ መሬቱ ሳይሞቅ አንዳቸውም አይነሱም።

እዚህ ላይ ውለታዎን አልክድም። ትንሽ ሳሉ ጥሩ ነዎት። ሞቃቱ አየር የት እንደሚወጣ የሚያመለክተው የእርስዎ ነጭ ራስ ነው። መሬት አጠገብ ያለው አየር ሙቀት 27፣ የጤዛ ነጥቡ (እርጥበቱ ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት) 11 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱን በ125 ያባዙና ሆድዎ ከመሬት 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ አሜሪካዊ ከቴክሳስ ዛፓታ ተነስቶ በአንድ ቀን 764 ኪሎ ሜትር የበረረበት አገር የሥጋ ዘመዶችዎ በሰልፍ ተደርድረው መንገድ በማሳየት የታወቁበት ነው። እርስዎ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያችንና ከታረሰው ጥቁር አፈራችን በወጣ ሙቀት ከፍ ከፍ ካሉ በኋላ ያብጣሉ፣ ይንሰራፋሉ፣ ያነሳዎትን መሬት ፀሐይ ይከለክሉታል። ይህን ጠባይ በሰማይ ብቻ ያየሁት ቢሆን ኖሮ እገረም ነበር።

ማበጥዎ ደግሞ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ አንዲት የፓራግላይደር (ዘንግ የሌለው የጨርቅ ክንፍ) ተወዳዳሪ በወንድምዎ በኩሙሎኒምበስ፣ በነጎድጓዳማው ደመና፣ ተስባ ወደ 10,000 ሜትር ገደማ ወጥታለች፤ ራሷን ስታ፣ በበረዶ ተሸፍና፣ በተአምር በሕይወት ወረደች። ለዚህ ነው በውድድር ጠዋት ጠዋት ኮሚቴ ተቀምጦ ሰማዩን አይቶ መስመር የሚያወጣው፣ ካልሆነም የሚሰርዘው። አየር ላይ ሆነው ነጎድጓድ ቢመጣ እንኳ “ውድድሩ ቆሟል” የሚል ድምፅ በሬዲዮ ይሰማል። ሰው አዝኖም ቢሆን ቁርጡን አውቆ ይወርዳል።

የእኛ ግቢ ኮሚቴ እማማ ናቸው። የክረምት ስንቅ በርበሬያቸውን ሰሌን ላይ አስጥተው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። አንዱን ዛላ አንስተው ጆሮአቸው ሥር ይነቀንቁታል፤ ፍሬው ካልተንሿሿ ገና ነው። ቀና ብለው እርስዎን ያያሉ። “ልጄ፣ ሸራውን አምጣ።” አመጣለሁ፣ እንሸፍናለን፣ ፀሐይ ትወጣለች። “ግለጠው እስቲ።” እገልጣለሁ፣ ያጉረመርማሉ። እርስዎን ማለቴ ነው፣ እማማማ ስቀው ያልፉታል። ታፍኖ የዋለ በርበሬ እንደሚሻግት ያውቃሉ፤ የራሰውም እንደዚያው። በገመድ ላይ ስለዋለው ሸሚዜ አላነሳም፣ እርሱ ከእርስዎ ጋር መኖርን ተላምዷል።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ፦ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ውሳኔዎን በነጎድጓድም ይሁን በነፋስ ያሳውቁን። ሁለት ጠብታ እንደ ውሳኔ አይቆጠርም።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
ክንፍ የሌለው ተወዳዳሪ

ግልባጭ፦
ለፀሐይ፣ ከጋረዷት በስተጀርባ
ለቄራ ጆፌ አሞሮች፣ ስለ ሙያዊ ምክራቸው
ለሐምሌ ደመና፣ ወንበሩን ቀደም ብለው ለመረከብ ፈቃደኛ ከሆኑ