ይድረስ በየሌሊቱ መርዶ እያረዳ ገንዘብ ለሚለምነኝ የአሜሪካ ምርጫ ቴክስት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በደብዳቤ ወግ «ካንተ ናፍቆት በስተቀር» ማለት ነበረብኝ። ለመናፈቅ ግን መጀመሪያ መጥፋት ያስፈልጋል፤ አንተ ደግሞ ጠፍተህ አታውቅም። ይህችን መስመር እስክጨርስ እንኳ ሁለቴ ነዝረሃል።

አንድ ነገር እናስተካክል። ስሜ ሊንዳ አይደለም። ሊንዳ ይህን ስልክ ቁጥር ከኔ በፊት ይዛው የነበረች ሴትዮ ሳትሆን አትቀርም። የት እንደገባች አላውቅም፤ ሪፐብሊካን እንደነበረች ግን ካንተው ተረድቻለሁ። እኔ ደግሞ በ2020 ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ ሥራ ፈታሁና ለአንድ ዴሞክራት እጩ 5 ዶላር ላክሁ። ያቺ አምስት ዶላር ለልጅ ልጅ የምትተርፍ ዕዳ ሆና ቀረች! ከዚያ ወዲህ በአንድ ስልክ ሁለት ለቅሶ አለብኝ። ሰማያዊው፣ ማለት ዴሞክራቱ፣ በጠዋት ተነስቶ «ዲሞክራሲ ዛሬ አበቃላት» ይለኛል። ቀዩ፣ ማለት ሪፐብሊካኑ፣ ከምሳ በኋላ «ሊንዳ፣ አገርሽን ሲነጥቁሽ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ይላል። ሁለቱም ገዳዩን ለይተው ያውቁታል፦ ያኛው ወገን ነው። የሚስማሙት ገንዘብ ላክ በሚሉበት የመጨረሻ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11፡59።

እኛ ዘንድ እኮ መርዶ ወግ አለው። ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ይሰበሰባል፤ ቄስ ካሉ ቄስ፣ ከሌሉም በዕድሜ የገፋ ሰው ከፊት ይቆማል። እዚህ ቨርጂኒያም ወጉ አልቀረም። አንዱ ሐዘንተኛው ከፌስቡክ እንዳያነበው ስልኩን ይደብቅበታል፣ ሌላው ለአለቃው ደውሎ ያስፈቅድለታል፣ ሦስተኛው ውሃ ይዞ ኮሪደር ላይ ይቆማል። አገር ቤት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ «እገሌ አርፈዋል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ደብር ነው» ብሎ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይገባል። ያንኑ ሟች በማግስቱ ድጋሚ ሲገድል አላየሁም። አንተ አሜሪካን ሰኞ ገድለህ ማክሰኞ ትደግማታለህ፤ ረቡዕ ደግሞ «እስካሁን አልመለስክልንም፣ አዝነንብሃል» ብለህ ለለቅሶ አለመድረሴን ትቆጥርብኛለህ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ንፍሮ ይቀርብለታል እንጂ በር ላይ «15፣ 25 ወይስ 50?» ተብሎ አይጠየቅም።

ስለ እኩለ ሌሊቱም አጣርቻለሁ። ማርች 31፣ ጁን 30፣ ሴፕቴምበር 30፣ ዲሴምበር 31፦ ዘመቻዎች ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን የሚያቀርቡት የሩብ ዓመት ሒሳብ የሚዘጋባቸው ቀኖች ናቸው። አየህ፣ የሚዘጋው መዝገብ ነው፤ አንተ የሬሳ ሣጥን አስመሰልከው። በተቀሩት ሌሊቶች አሜሪካ ለምን እንደምትሞት ግን መዝገቡም አያውቅ።

ደግሞ ያ «500 በመቶ እናባዛልሃለን» የምትለው ነገር! 5 ብሰጥ 25 ይጨመርበታል አሉ። በ2024 ምርጫ አንድ ሰው ለአንድ የፌዴራል እጩ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚፈቀድለት እስከ 3,300 ዶላር ነበር። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የአገሩን አምስት አምስት ዶላር እያባዛ የሚያድረው ይህ ደግ ሰው ከየት መጣ? የእቁባችን ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢናገር ሳምንትም አይቆይም ነበር።

«ስቶፕ» ብለህ መልስ ትለኛለህ፤ እመልሳለሁ። በጨዋ ደንብ ትሄዳለህ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንድምህ በሌላ ቁጥር ይመጣል። ከ2003 ጀምሮ ባለው «አትደውሉልኝ» በሚባለው የፌዴራል መዝገብም ተመዝግቤያለሁ። መዝገቡ ነጋዴውን ይከለክላል፣ የፖለቲካ ጥሪን ግን አይነካም። ሕግ አውጪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ አንተም የምትለምነው ለማን እንደሆነ ሳስበው መገረሜን ተውኩት። አብዛኛው ግዛት ከምርጫ የሚያርፍበት ጎዶሎ ዓመት እንኳ ለእኛ ለቨርጂኒያዎች አልተፈቀደም፤ አገረ ገዢያችንን የምንመርጠው ፕሬዚዳንቱ በተመረጠ በዓመቱ፣ እንደ 2021 እና 2025 ባሉት ዓመታት ነው።

የት እንደተማርክም አውቃለሁ። ጸጉር የምስተካከልበት ቤት ቴሌቪዥኑ በቀይ ጽሑፍ «ሰበር ዜና» እንዳለ ይውላል፤ የሚሰበረው ግን ትናንት የተሰበረው ነው። አንዱ ፎክስ አድርጉልን ይላል፣ አንዱ በ2025 ስሙ ኤምኤስ ናው የተባለውን ኤምኤስኤንቢሲን ይላል፣ ሁለቱም በ1996 የተወለዱ እኩዮች ናቸው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአከራካሪ ጉዳይ የተለያየ ወገን እንዲያሰሙ የሚያዝዘው ደንብ በ1987 ባይነሳ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር ብዬ አንድ ቀን አወራሁ። መላጩን እንደያዘ ባለቤቱ አረመኝ፦ ደንቡ በአየር ለሚሰራጩት እንጂ ለኬብል አይሠራም ነበር። እውነቱን ነው። ምላጭ አንገትህ ላይ ሆኖ የሚያርምህን ሰው ማመን ደግሞ ይቀላል።

አሁን ወደ ጻፍኩልህ ምክንያት ልምጣ። ባለፈው ኦክቶበር፣ ድምፅ ልንሰጥ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ስልኬን ስከፍት አምስት መልእክት ተደርድሯል። አምስቱም በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል «አስቸኳይ» ብለው ይጀምራሉ። አላነበብኩም። በአውራ ጣቴ አንድ በአንድ ወደ ግራ ጠረግኳቸው።

አራቱ ያንተ ነበሩ። አምስተኛው የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ መጻፊያ የለውም። ከአገር እንደመጣሁ በአሮጌ ካምሪያቸው መንዳት ያስተማሩኝ፣ የመንጃ ፈተናውን ሁለቴ ስወድቅ «ሦስተኛው ያንተ ነው» ያሉኝ አዛውንት አርፈው ነበር።

የደረስኩት ለሣልስቱ ነው። ባለቤታቸው እጄን ይዘው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ መልእክቱ አልደረሰህም እንዴ?» አሉኝ።

«ደርሶኛል» አልኩ፤ ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

ከሴቶቹ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ በስኒ ተሰጠኝ። ያኔ ነው ኪሴ ውስጥ የነዘርከው።

«ሊንዳ፣ ምነው ጠፋሽ?»