ክላውስ ማኬላ አራት ኦርኬስትራ በአንድ ጊዜ አይመራም
ወጣቱ ፊንላንዳዊ የኦርኬስትራ መሪ «ኦስሎን፣ ፓሪስን፣ አምስተርዳምንና ቺካጎን አንድ ላይ ይዟል፤ መቼ ሊያለማምዳቸው ነው?» የሚል ሐሳብ እየተደጋገመ ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ መነሻው ግን ትክክል አይደለም። የኦስሎ ፊልሃርሞኒክን ከ2020፣ የፓሪስ ኦርኬስትራን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመራል። የአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ሹመት በ2022፣ የቺካጎ ሲምፎኒው ደግሞ በ2024 ይፋ ቢሆንም፣ ሁለቱም ሥራ የሚጀምሩት በ2027 ነው፤ የኦስሎና የፓሪስ ኃላፊነቱም የሚያበቃው ያኔ ነው። እስከዚያ ቺካጎ የሚጠራው «ተሿሚ የሙዚቃ ዳይሬክተር» እያለ ነው።

ለማረጋገጥ በየኦርኬስትራው ድረ ገጽ ከስሙ ሥር ያለውን ማዕረግና ዓመት ማየት ይበቃል። ሁለት ትልልቅ ኦርኬስትራ ለአንድ ሰው ይበዛል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም ይበዛል ባይ ነኝ። አራት ካልን ግን ልጁን ባልያዘው ሥራ እንወቅሰዋለን።