የሚያበቃበት ቀን መሳቢያ ውስጥ ቀረ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምቆጣው ስለምሳሳላችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ መድኃኒት ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ የቆመ ወጣት ባለመድኃኒቷን «አሞክሳሲሊን አራት ፍሬ ስጪኝ» አላት። ማዘዣ አልጠየቀችውም። በመቀስ ቆርጣ ሰጠችው። የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ጫፍ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን በአንዴ ዋጠ።

ያ ጫፉ ላይ የታተመው ጽሑፍ በዋዛ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1816 በጀርመኗ ዳርምሽታት ሃይንሪሽ ኢማኑኤል ሜርክ የተባለ ወጣት፣ ቤተሰቡ ከ1668 ጀምሮ የያዘውን መድኃኒት ቤት ተረከበ። በዚያ ዘመን ዋናው የሕመም ማስታገሻ ከፖፒ ተክል የሚገኘው ኦፒየም ነበር። ጥንካሬው ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ያው ልክ ለአንዱ በሽተኛ ምንም አይፈይድለትም፤ ሌላውን ያስተኛዋል፣ ያውም ላይነቃ። ዘርትዩርነር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ባለመድኃኒት ቀደም ብሎ ሕመም የሚያስታግሰውን ንጥረ ነገር፣ ሞርፊንን፣ ከኦፒየም ነጥሎ አውጥቶ ነበር። ሜርክ ደግሞ በ1827 ሞርፊንንና መሰሎቹን በብዛት እያጣራ ለሌሎች መድኃኒት ቤቶች ማቅረብ ጀመረ። ለንጽሕናቸውም ራሱ ዋስ ሆነ። ኩባንያው እስከ ዛሬ ዳርምሽታት ውስጥ አለ። እኔን ከፋብሪካው ይልቅ የሚገርመኝ ያ ዋስትና ነው። ሸጦ ዘወር አላለም።

እኛ ዋስትናውን በመቀስ እናስቆርጣለን! አራት ፍሬ አንቲባዮቲክ ምን ያደርጋል? ደካማው ጀርም ይሞታል፣ ብርቱው ይተርፋል፣ ይራባል። ነገ ልጃችሁ ሲታመም ያው መድኃኒት አይሠራም። «እኔን ሽሎኛል፣ እንካ» እያላችሁ ለጎረቤት የምታካፍሉትስ? የእሱ ሕመም የእናንተ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ከውጭ በሻንጣ የመጣውንም ስሙንና ቀኑን ሳታዩ አትዋጡ።

እባካችሁ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ታዩ፣ ማዘዣ ያዙ፣ ሐኪሙ ያለውን ቀን ጨርሱ። ብር ካነሳችሁ ለባለመድኃኒቷ ሳታፍሩ ንገሯት፤ ረከስ ያለ ምርት ሊኖር ይችላል። ቀኑን ሳታዩ ከመስኮቱ አትራቁ። እናንተ ከመስኮቱ ጀርባ ያላችሁም «ደንበኛ ይሄድብኛል» አትበሉ። የተማራችሁት ለመቁረጥ ብቻ አይደለም።

ያን ልጅ ተከትዬ አለማናገሬ እስካሁን ይቆጨኛል። የቀሩትን ሁለት ፍሬዎች በወረቀት ጠቅልሎ፣ «ለታናሼ ናቸው» ብሎ ኪሱ ከተታቸው።