ግብ ለሚያወጡ ኮሚቴዎች የቀረበ ምስጋና

ሐምሌ 1 የበጀት ዓመት መባቻ ነው። ገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ ተማሪው እረፍት ላይ ነው፣ የደረጃ አውጪ ቴክኒክ ኮሚቴዎች ደግሞ ግብ ላይ ናቸው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የሲሚንቶ ጥንካሬ፣ የብረት ውፍረት፣ የዘይት ጥራት፣ የሶኬት ቀዳዳ፣ ይሄ ሁሉ የሚመከርበት ኮሚቴ አለው። ከፋብሪካው፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከሸማቾች ማኅበሩ የተወከሉ ሰዎች ረዥም ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ደረጃ ማውጣት አድካሚ ሥራ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ኮሚቴ ጉልበቱን እዚያ ላይ አያባክንም፤ ቆጥቦ ለዓመታዊ ግቡ ያውለዋል።

ጥበባቸውን በቅርብ ስለማየው መመስገን አለባቸው እላለሁ። የመጀመሪያው ጥበብ የማይከሽፍ ግብ መምረጥ ነው። «የባለድርሻ አካላትን ተሳትፎ ማጠናከር» የሚለውን ውሰዱ። ይሄን ማን ያከሽፈዋል? አንድ ባለድርሻ ደውሎ «ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?» ካለ ተሳትፎው ተጠናክሯል። «ግንዛቤ ማሳደግ»ም እንደዚያው ነው፤ ለግንዛቤ ቴርሞሜትር አልተሠራለትም። አንዳንድ ክፉ ሰዎች ግን «የሶኬት ደረጃ ረቂቅ እስከ ግንቦት 15 ለሕዝብ አስተያየት ይቅረብ» የሚል ነገር ያመጣሉ። ቀን አለው፣ ባለቤት አለው፣ መድረሱም አለመድረሱም ይታያል። በሌላ አነጋገር ሰው ይጠየቅበታል። ጨዋ ኮሚቴ ደግሞ ሰው አያስጠይቅም።

ቁጥር ከተፈለገም አይጠፋም። 12 ስብሰባ ለማካሄድ ታቅዶ 14 ተካሄደ፤ አፈጻጸም 117 በመቶ። ሁለቱ ትርፍ ስብሰባዎች የተጠሩት በ12ቱ ያልተወሰነውን ለመወሰን ነበር። እዚያም አልተወሰነም። መቶኛው ላይ ግን አንዳች ጉዳት አላደረሰም፤ እንዲያውም 15ኛ ቢጠራ ኖሮ 125 እንገባ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጎደለ ነገር ከተገኘ በግንቦት እቅዱ ይከለሳል። አፈጻጸሙ ወደ እቅዱ ካልሄደ እቅዱ ወደ አፈጻጸሙ ይመጣል። ሰኔ 30 ላይ እንደ መንታ ተመሳስለው ታገኟቸዋላችሁ።

ግብ አዲስ አበባ ውስጥ አይወጣም። ትራፊኩ ሐሳብ ይበትናል። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ይሻላል፤ በጀት ከፈቀደ ሐዋሳ። የመጀመሪያው ቀን ለትውውቅ ነው፤ ላለፉት ስድስት ዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች ተነሥተው ስማቸውን ይናገራሉ። በሁለተኛው ቀን የአምናው ሰነድ ይከፈትና 2017 የሚለው ሁሉ 2018 ይሆናል። መሐል ላይ ሳይቀየር የቀረ አንድ 2014 ይገኛል። ማንም አይነካውም፣ የተቋሙ ትውስታ ነው። በሦስተኛው ቀን የውሎ አበል ፊርማ አለ፤ በሰዓቱ የሚጀመር ብቸኛው ፕሮግራም እሱ ነው።

ጄኔቭ ያሉት ፈረንጆች ጭካኔ ግን ይገርመኛል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ለአንድ አዲስ ደረጃ የ18፣ የ24 ወይም የ36 ወር መርሐ ግብር አለው። ጊዜው ካለፈ ፕሮጀክቱ እስከ መሰረዝ ይደርሳል። መሰረዝ! ስንት ሻይ ቡና የተጠጣበትን ሥራ! እኛ ዘንድ እኮ እንዲህ ያለውን ሥራ ዘመኑን ሙሉ የሚያኖር «በሂደት ላይ» የሚባል ሰፊ ማረፊያ አለ። ከእነሱ የወደድኩት አንድ ነገር የአምስት ዓመት ክለሳውን ነው። የወጣ ደረጃ ቢበዛ በየአምስት ዓመቱ ይታያል፤ ወይ እንዳለ ይቀጥላል፣ ወይ ይሻሻላል፣ ወይ ይሻራል። ለግብ የሚመቸው የመጀመሪያው ነው። «40 ደረጃዎችን መከለስ» ብላችሁ ጻፉ። እንዳለ ይቀጥል፣ እንዳለ ይቀጥል እያላችሁ ከምሳ በፊት ትጨርሱታላችሁ።

ስለ ስምምነት ያላቸው መመሪያም ደስ ይላል። ስምምነት ማለት ሁሉም አንድ ድምፅ ሆነ ማለት አይደለም፤ በዋና ጉዳዮች ላይ ጸንቶ የሚቃወም ጠፋ ማለት ነው። በዚህስ ከእነሱ እንበልጣለን። ጥሩ ምሳ ተበልቶ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ጸንቶ የሚቃወም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

(በነገራችን ላይ የዓለም የደረጃዎች ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ይከበራል፤ በ1946 የ25 አገሮች ተወካዮች ለንደን የተሰበሰቡበት ቀን ነው። አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ የሚያከብሩት በሌላ ቀን ነው። አንድ ቀን ላይ መስማማት እንኳ ለሙያው ሰው እንደሚከብድ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።)

አይኤስኦ በፈረንጆቹ 1980 ያወጣው የሻይ ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ 3103 ነው። ሻይ ለቅምሻ ሲዘጋጅ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 2 ግራም ቅጠል ይገባል፣ 6 ደቂቃ ይቆያል ይላል። የእንግሊዞቹ የደረጃ ተቋም የዚሁ ዓይነት ሰነድ ስለነበረው በ1999 ኢግ ኖቤል የተባለውን የቀልድ ሽልማት ሰጥተውታል። ዓለም ሳቀ። እኔ ግን ያሳሰበኝ ድፍረታቸው ነው። 6 ደቂቃ! ማንም ሰዓት ይዞ ሊያጣራው የሚችል ነገር በአደባባይ ይጻፋል? የእኛ ሰዎች ቢሆኑ «የሻይ አፈላል ሥርዓትን ማዘመን» ብለው በክብር ያልፉት ነበር። ሻዩም እስከ ዛሬ አይፈላም፤ አፈጻጸሙ ግን ከ90 በታች አይወርድም።

ምስጋናዬ ያለ ምክንያት አይደለም። ውጤቱን በየቤታችሁ ታዩታላችሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው፤ የገዛችሁት ካውያ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አብቅሎ ይመጣል። ዲቫይደር ትገዛላችሁ። ዲቫይደሩ ይላላል፣ ይሞቃል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ሌላ ትገዛላችሁ። ቸኩሎ የእስኪርቢቶ ቀፎ የሚሰካም አለ፤ ነፍሱን ይማር ከማለት ያድነን። ደረጃው ወረቀት ላይ ይኑር አይኑር ሶኬቱ በምን ያውቃል? እሱን ግብ ውስጥ ያስገባው የለም። ግቡ ስብሰባ ነው፣ ስብሰባው ደግሞ ተካሂዷል። የዲቫይደር ነጋዴውም ኑሮው ተሻሽሏል፤ ይሄን «የሥራ ዕድል ፈጠራ» ብለው ሪፖርት አለማድረጋቸው ትሕትናቸው ነው።

ባለፈው አንድ አዲስ የተመደበ ወጣት ኢንጂነር እጁን አወጣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ አምና ያጸደቅናቸውን ደረጃዎች ስንት ፋብሪካ እየተጠቀመባቸው ነው?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ስልኩን አየ፣ ሌላው ውኃ ቀዳ። ሰብሳቢው ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። «በጣም ግሩም ጥያቄ ነው» አሉ። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እዚያው ተቋቋመ። ልጁም በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ የንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ፤ የመጀመሪያ ሥራው የንዑስ ኮሚቴውን ዓመታዊ ግብ ማዘጋጀት ነው።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ፈጣን ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ የአምናውን ፋይል ይልኩልኛል?» አለኝ። «በወርድ ቢሆን ይሻለኛል።»