ቮልስን ፌስታል ማልበስ ይቅር!

ሐምሌ በገባ ቁጥር ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና የሚወርደው ቮልስ ሁሉ፣ ዝናብ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ፣ የኋላ ኮፈኑን ፌስታል ያለብሳል። ኧረ በፈጠራችሁ! ከኋላ ያለው ይሄ ሞተር እኮ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የለውም፤ ማራገቢያው የሚስበው አየር ከታፈነ ይግላል፣ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)።

ውሃው የሚያጠቃው የዲስትሪቢውተሩን (እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ነው። ውስጡ ጤዛ ከያዘ ወይም ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለችው፣ እሳቱ ካንዴላ ሳይደርስ ወደ ብረቱ ይሾልካል። ሁለቱን መቆለፊያ ፈታ አድርጎ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው፤ የተሰነጠቀውን መለወጥ። (የካንዴላ ገመድ ከነቀላችሁ የሲሊንደሮቹ የእሳት ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ስንቱ አዛብቶ ገጥሞ ካርቡራቶሩን ይረግማል!)

ደግሞ ከኮፈኑ መተንፈሻ ስር ያለውን ውሃ መቀበያ «ትርፍ ነው» ብሎ ፈትቶ የሚጥል መካኒክ! ዝናቡን ወደ ጎን የሚያፈሰው እሱ አይደል እንዴ?