የኳርክ መጠጥ ቤትና የእኛ ጭብጨባ

ሁዳዴ ሲገባ የባሕር ዳር ሥጋ ቤቶች ጭር ይላሉ፤ የጣና ዳር ዓሣ ቤቶች ግን ይደምቃሉ፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እልባት እስኪያገኝ ድረስ ዓሣው ይበላልና። እኛ አራት ወዳጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር የምንሰበሰበው ግን ለጥብሱ ብቻ አይደለም። ከ1993 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በሰባት ምዕራፎች የተላለፈውን፣ ታሪኩ በአንድ የጠፈር ጣቢያ የሚካሄደውን «ዲፕ ስፔስ ናይን» የተባለ ተከታታይ ፊልም፣ ትናንት በሰፈራችን የተፈጸመ ጉዳይ ይመስል ስንጨቃጨቅበት እናመሻለን።

ባለፈው ቅዳሜ የተነሣው በ1996 የታየው የአድማው ክፍል ነበር። የጣቢያው ጎረቤት በሆነችው ፕላኔት የሚኖሩት የባጆር ሰዎች ለአንድ ወር ከዓለማዊ ደስታ ይታቀባሉ፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኳርክም ገበያው ሲቀዘቅዝበት ኪሳራውን ወደ ሠራተኞቹ አውርዶ ደመወዛቸውን በሲሶ ይቀንሳል። የገዛ ወንድሙ ሮም ደግሞ የሕመም ፈቃድ በማይታወቅበት በዚያ ቤት ጆሮውን ታምሞ ሲሠራ ይወድቃል። (የኳርክና የሮም ዘር ጆሮ ከፊታቸው የማይተናነስ ስለሆነ ሕመሙ እንደ እኛ ጠብታ ተደርጎ የሚረሳ አይደለም።) ሮም ሲያገግም ባልደረቦቹን አስተባብሮ ማኅበር ያቋቁማል፤ ሥራም ያስቆማል።

«አንድ ወርማ ምን አላት፣ እኛ 55 ቀን እንጾም የለ!» አለ የባንክ ሠራተኛው ወዳጃችን። የሒሳብ መምህሩ ኳርክ ዓሣ መጥበስ ቢያውቅ ኖሮ አድማው ከቶ ባልተነሣ ነበር ሲል፣ ሌላው ደግሞ የባጆር ጾም ዓሣ እንደሚፈቅድ በየትኛው መጽሐፍ እንዳነበበ አፋጠጠው፤ በምድር ያልተቋጨው ጥያቄ ጠፈር ድረስ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት በላብን። እኔ ግን ልቤን የነካው ሌላ ቦታ ነው፦ የጣቢያው አዛዥ ሲስኮ ኳርክን ጠርቶ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ካልተስማማ ያልከፈለውን የአምስት ዓመት ኪራይ እንደሚጠይቀው ሲነግረው። ዕድሜዬን በሙሉ ተከራይ ነኝ፤ አከራይ ለበጎ ነገር ሲያስፈራራ ያየሁት በዚያ ክፍል ብቻ ነው።

በሠራተኛ መብት ላይ አራታችንም አንድ ቃል ነበርን። ችግሩ፣ ስለ መብቱ አንድ ዐረፍተ ነገር በጨረስን ቁጥር አንዳችን እጁን አጨብጭቦ አስተናጋጇን ይጠራል። «የሠራተኛ ክብር አይነካም! እህቴ፣ ሚጥሚጣ ጨምሪልን።» «ሰው ታምሞ እንዴት ይቆማል! እህቴ፣ ይህን ጠረጴዛ ጥረጊልን እንጂ።» ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ የቆመችው ልጅ በአንድ እጇ አራት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አንጠልጥላ፣ በሌላው የዓሣ አጥንት የሞላበት ሳሕን ይዛ ትመላለሳለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም የሮምን ጀግንነት አድንቀን ብናጨበጭብ እየሮጠች መጥታ «ምን ልታዘዝ?» አለችን። ጭብጨባው ለሮም መሆኑን መናገር ስላፈርን፣ ያልፈለግነውን ሎሚ አዘዝን።

ሎሚውን ስታስቀምጥ፣ «የባጃጆቹ አድማ መቼ ነው? እኔ ማታ የምገባው በባጃጅ ነው» አለች በሥጋት። ባጃጅ ሳይሆን ባጆር መሆኑን፣ ያቆሙትም ሾፌሮች ሳይሆኑ አስተናጋጆች መሆናቸውን መምህሩ በትዕግሥት አስረዳት። አስተናጋጆች ሲል ሳሕኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

«ታዲያ ተሳካላቸው?»

ኳርክ የጠየቁትን ሁሉ እንደ ሰጣቸው፣ ነገር ግን የአገሩ ሹማምንት እንዳይቀጡት ማኅበሩ የፈረሰ እንዲመስል እንዳደረጉና ጭማሪው በምስጢር እንደ ተያዘ ነገርናት። እርሷም ሒሳቡን አምጥታ፣ መምህሩ መልሱን እስከ መጨረሻዋ ብር ቆጥሮ ወደ ኪሱ ሲሰድ በዝምታ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እናንተም በምስጢር ብትሰጡኝ ለማንም አልናገርም» አለች።

ሦስታችን እጃችንን ወደ ኪሳችን ላክን። የባንክ ሠራተኛው ግን ያልጠራ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ ወደ ሐይቁ ወረደ።